ዝም ማሰኘት እና ማስተማር

እ.ኤ.አ. በ1896 ገደማ በአሜሪካ ኬምብሪጅ ከተማ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የሚባል የ22 ዓመት የሃርቫርድ ተማሪ በተከራየው ክፍል ውስጥ ጫጩት ያረባ ጀመር። የሚያረባው ለወጥም ለገበያም አልነበረም፤ እንስሳ እንዴት እንደሚማር በዓይኑ ማየት ፈልጎ ነው። አከራዩ ግን አልተስማማችም። ዩኒቨርሲቲውም ማኖሪያ አላገኘለትም። የታደገው መምህሩ፣ ዝነኛው የሥነ ልቦናና የፍልስፍና ሊቅ ዊልያም ጄምስ ነው፤ የገዛ ቤቱን ምድር ቤት ለጫጩቶቹ ለቀቀለት። ቶርንዳይክ መጻሕፍት አቁሞ ጠመዝማዛ መንገድ ሠራ፤ ጫጩቶቹን በመካከሉ አስገብቶ መውጫውን እስኪያገኙ መጠበቅ ያዘ። የጄምስ ልጆችም ትርኢት አገኙ።

ከዚያ ምድር ቤት የወጣው ጥያቄ ከ100 ዓመት በላይ ተጉዞ እያንዳንዳችን ቤት ገብቷል። ፍጡር ሁሉ ከሥራው ውጤት የሚማር ከሆነ፣ የሚያስተምረው የትኛው ነው? ሽልማቱ ወይስ ቅጣቱ? ይህ ታሪክ የዚያ ጥያቄ ጉዞ ነው። ተለይቶ ካልተነገረ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ድመቶቹና ሣጥኖቹ

ቶርንዳይክ በ1897 ወደ ኒው ዮርኩ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ሲዛወር ከሁሉ የተሻሉ ሁለት ዶሮዎቹን በቅርጫት ይዞ ሄደ። ስሙን ያስጠሩት ግን ድመቶች ናቸው። ከእንጨት ርብራብ ሣጥኖች ሠራ። በራቸው የሚከፈተው ውስጥ ያለ ቀለበት ሲሳብ፣ ገመድ ሲጎተት ወይም መቀርቀሪያ ሲገፋ ብቻ ነው። የራባትን ድመት ከውስጥ ያስገባታል፤ ከውጭ ቁራጭ ዓሣ ያስቀምጣል፤ ሰዓቱን ይዞ ይጠብቃል።

ድመቷ መጀመሪያ ትቧጭራለች፣ ትናከሳለች፣ በርብራቡ መሐል ሾልካ ለመውጣት ትታገላለች። በግርግሩ መካከል ሳታስበው ጥፍሯ ገመዱን ይነካና በሩ ይከፈታል። ወጥታ ዓሣዋን ትቀምሳለች። ቶርንዳይክ መልሶ ያስገባታል። እንደገና ትታገላለች፤ እንደገና ትወጣለች። ከድመቶቹ አንዷ መጀመሪያ ለመውጣት 160 ሰከንድ ፈጅቶባት ነበር፤ ከ20 ጊዜ በላይ ከተመላለሰች በኋላ 10 ሰከንድ እንኳ አልሞላባትም።

ወጣቱ ተመራማሪ ጊዜውን በወረቀት ላይ በመስመር ሲያሰፍረው አንድ ነገር ገረመው። ድመቷ ቆም ብላ አስባ ነገሩ የገባት ቅጽበት ቢኖር ኖሮ መስመሩ በአንድ ጊዜ ወደ ታች ይወድቅ ነበር። እሱ ግን ጥቂት ይወርዳል፣ መልሶ ከፍ ይላል፣ እንደገና ይወርዳል። የማይጠቅመው እንቅስቃሴ አንድ በአንድ ይረግፋል፤ በር የከፈተው ይጸናል። ይህን በ1898 የዶክትሬት ጽሑፉ አድርጎ አሳተመው፤ በ1911 ባወጣው መጽሐፍም «የውጤት ሕግ» ብሎ አሰፈረው። እርካታ ያስከተለ ድርጊት ይደጋገማል፤ ምቾት የነሣ ድርጊት ይመነምናል።

የመጀመሪያውን ግማሽ ገበሬዎቻችን ያለ ሣጥንና ያለ ሰዓት ያውቁት ነበር። «የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ» የተባለው ማሳ ውስጥ ገብታ እሸት ቀምሳ የተመለሰችው ጦጣ ነገም እንደምትመጣ ስለታየ ነው። የቶርንዳይክ ውለታ ይህን በሰከንድ መለካቱ ነው። ሁለተኛው ግማሽ ግን፣ ቅጣት ያጠፋል የሚለው፣ ገና አልተፈተነም ነበር።

በዚያው ዘመን በሩሲያ ኢቫን ፓቭሎቭ ውሾችን ይመረምር ነበር። በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በምግብ አፈጫጨት ላይ ባደረገው ጥናት ሲሆን፣ ስሙ የቀረው ግን ምግብ የሚያመጣውን ምልክት ገና ሲያውቁ ምራቃቸው በሚዝረበረብ ውሾቹ ነው። ሁለቱን ሥራዎች ብዙ ሰው ያምታታቸዋል። የፓቭሎቭ ውሻ የሚመጣበትን ይጠብቃል፤ ምራቁ እሱ ሳይፈልግ ይወርዳል። የቶርንዳይክ ድመት ግን አንድ ነገር ታደርጋለች፤ ዓለምም ለድርጊቷ መልስ ይሰጣል። የእኛ ታሪክ የድመቷን መንገድ ይከተላል።

አንድ ሰው ግማሽ ሕጉን ሲሰርዝ

ቶርንዳይክ በኋላ ፊቱን ወደ ሰዎች ትምህርት አዞረ። ለተማሪዎቹ የማያውቁትን የባዕድ ቋንቋ ቃል ያሳያቸዋል፤ ከአምስት ፍቺዎች አንዱን ይመርጣሉ፤ እሱ «ልክ» ወይም «ስህተት» ይላል። ተመሳሳዩ ዝርዝር ሲመላለስ «ልክ» የተባለው መልስ በግልጽ እየጸና መጣ። ይህ የተጠበቀ ነው። ያልተጠበቀው «ስህተት» የተባሉት መልሶች ዕጣ ነበር፤ ከነበሩበት ብዙም ሳይደክሙ ተመልሰው መጡ። ተማሪው «ስህተት» ሲባል ያ እንዳልሆነ ሰማ እንጂ የትኛው እንደሆነ አልተነገረውም።

ቶርንዳይክ በሕይወቱ ከሠራቸው ነገሮች እኔ እጅግ የማከብረው ቀጥሎ ያደረገውን ነው። በ1920ዎቹ መጨረሻና በ1930ዎቹ መጀመሪያ፣ በስሙ የሚጠራውንና ዝና ያተረፈለትን ሕግ ግማሹን ራሱ በአደባባይ ሰረዘ። ሽልማት ያጸናል፤ ቅጣት ግን በዚያው ልክ አያጠፋም አለ። በዚያ ዘመን በዓለም ላይ በብዙ ትምህርት ቤቶች አርጩሜ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ነበር።

የምድጃው ፍምና የወህኒው በር

ቡረስ ፍሬድሪክ ስኪነር መጋቢት 20 ቀን 1904 በፔንሲልቬንያ፣ ሳስኩዌሃና በምትባል አነስተኛ የባቡር ከተማ ተወለደ። አባቱ ጠበቃ ነበሩ። በቤቱ ዱላ አልነበረም፤ ማስፈራሪያ ግን ሞልቷል። አያቱ ገሃነም ምን እንደሚመስል ያስረዱት የሳሎኑን ምድጃ ከፍተው የሚንቀለቀለውን ፍም በማሳየት ነው። አባቱ ደግሞ የአውራጃውን ወህኒ ቤት ወስደው አስጎበኙት፤ ወንጀል የሚያስብ ልጅ መጨረሻው የት እንደሆነ ይወቅ ብለው። እናቱ አንድ ጊዜ ክፉ ቃል ሲያወጣ አፉን በሳሙና አጠቡት። በዕድሜው የደረሰበት የሥጋ ቅጣት ይህ ብቻ እንደነበር በኋላ ጽፏል፤ የፍርሃቱ ትዝታ ግን ለዘመናት አልተለየውም። ቅጣትን ዕድሜ ልኩን ሲመረምርና ሲቃወም የኖረ ሰው ከዚህ ቤት መውጣቱ የሚያስገርም አይደለም።

ልጁ እጁ ሥራ ይወድ ነበር። እናቱ የሌሊት ልብሱን አንሥቶ እንዲሰቅል ዘወትር ስለሚነዘንዙት በመንጠቆና በገመድ አንድ መሣሪያ ሠራ። ልብሱ መንጠቆው ላይ ካልተሰቀለ «ልብስህን ስቀል» የሚል ጽሑፍ በሩ መሐል ይንጠለጠላል፤ ሲሰቀል ጽሑፉ ይነሣል። ሰውን መነዝነዝ ትቶ የሚኖርበትን ሁኔታ መቀየር፤ የኋላ ሥራው ዘር ይህ ነው።

ስኪነር መጀመሪያ የተመኘው ደራሲነትን ነው። ከሃሚልተን ኮሌጅ በ1926 በእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ተመርቆ ወላጆቹ ቤት ተቀመጠ። ባለቅኔው ሮበርት ፍሮስት አጫጭር ልብ ወለዶቹን አንብቦ አበረታቶት ነበር፤ እሱ ግን ወራት ሙሉ ተቀምጦ የሚጽፈው አጣ። በዚያ ባዶ ዘመን የፓቭሎቭንና የአሜሪካዊውን ጆን ዋትሰንን መጻሕፍት አገኘ። ዋትሰን በ1913 ሥነ ልቦና የሚታየውንና የሚለካውን ባህሪ ያጥና ብሎ ያወጀ ሰው ነው። ስኪነር በ1928 ሃርቫርድ ገባ፤ ብዕሩን ትቶ መዶሻና ሽቦ ያዘ።

የሣጥኑ ቅዳሜ

እሱ የሠራው ሣጥን ከቶርንዳይክ ሣጥን በአንድ ነገር ይለያል። የቶርንዳይክ ድመት ከወጣች በኋላ አንሥቶ የሚመልሳት ሰው ያስፈልጋታል። በስኪነር ሣጥን ውስጥ ያለች አይጥ ግን እዚያው ናት። በሣጥኑ ውስጥ ያለውን ዘንግ ስትጫን አንዲት የምግብ እንክብል ትወድቅላታለች፤ በልታ እንደገና ትጫናለች። ከውጭ በሚንከባለል ወረቀት ላይ ብዕር ተገጥሟል፤ አይጧ በተጫነች ቁጥር ብዕሩ አንድ እርምጃ ወደ ላይ ይወጣል። ፈጥና ስትሠራ መስመሩ ዳገት ይሆናል፤ ስታርፍ ሜዳ።

ከታላላቅ ግኝቶቹ ሁለቱ በአጋጣሚ የመጡ ናቸው። አንድ ቀን የእንክብሉ መሣሪያ ተሰነቀረ። አይጧ ትጫናለች፣ ምግብ የለም። መስመሩ መጀመሪያ ሽቅብ ተነሣ፣ ከዚያ እየዘገመ ሄዶ ሜዳ ሆነ። ስኪነር ልማድ ሲከስም በመስመሩ ላይ አየ። ሌላ ጊዜ ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የቀሩትን እንክብሎች ቢቆጥር ለሰኞ የሚተርፍ የለም። እንክብሎቹን አንድ በአንድ የሚሠራው በራሱ እጅ ነበርና፣ ለእያንዳንዱ መጫን መስጠቱን ትቶ በደቂቃ አንድ ብቻ ለመስጠት ወሰነ። አይጦቹ ሥራ ያቆማሉ ብሎ የሚጠብቅ ይኖራል። እነሱ ግን ቀጠሉ፤ እንዲያውም አንዳንዴ ብቻ የተሸለመ ልማድ ሽልማቱ ሲቋረጥ ቶሎ እንደማይከስም ታየ። ከድካም የተወለደችው ያቺ ውሳኔ ወደፊት የቁማር ቤቱን ምሥጢር ትፈታለች።

ስኪነር እንስሳው በራሱ ተነሣስቶ በአካባቢው ላይ የሚፈጽመውን ድርጊት «ኦፐራንት» አለው፤ ድርጊቱ በውጤቱ ሲገራ ደግሞ ኦፐራንት ኮንዲሽኒንግ ተባለ። ድርጊቱን የሚያበረታውን ነገር ሁሉ ማጠናከሪያ ብሎ ጠራው። ማጠናከሪያ በሁለት መንገድ ይመጣል፤ ደስ የሚል ነገር ሲጨመር፣ ወይም የሚያስጨንቅ ነገር ሲነሣ። ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ከቅጣት ጋር ይምታታል። የራስ ምታት ክኒን የሚውጠው ሰው ሕመሙ ሲለቀው ነገም ክኒኑን ይፈልጋል፤ ይህ ማጠናከሪያ እንጂ ቅጣት አይደለም።

በ1938 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ስለ ቅጣት አንድ ትንሽ ሙከራ አለ። ዘንግ መጫን የለመዱ አይጦች በሁለት ተከፈሉ። ከዚያ ወዲያ ምግብ ለሁሉም ቀረ። አንደኛው ቡድን ግን በመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች ዘንጉን ሲጫን ዘንጉ ራሱ ተመልሶ መዳፉን ይመታዋል። የተመቱት አይጦች ወዲያው ሸሹ። ያን ጊዜ ብቻ ያየ ሰው ቅጣት ሠራ ብሎ ይሄዳል። ስኪነር ግን አልሄደም፤ ሁለት ቀን ጠበቀ። ምቱ ሲቀር አይጦቹ ቀስ በቀስ ተመለሱ፤ በስተመጨረሻ የተመቱትና ያልተመቱት የተጫኑት ብዛት እኩል ሆነ። ልማዱ ተደብቆ ነበር እንጂ አልሞተም። ተማሪው ዊልያም ኢስተስ በ1944 በኤሌክትሪክ ንዝረት ሰፊ ጥናት አድርጎ ወደዚያው ሐሳብ ተመለሰ።

እርግቦች በዱቄት ፋብሪካ

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ስኪነር ሚኔሶታ ዩኒቨርሲቲ ነበር። እርግብ ሚሳኤል ትምራ የሚል ሐሳብ አቀረበ። እርግቧ በሚሳኤሉ አፍንጫ ውስጥ ተቀምጣ የዒላማውን ምስል በመንቁሯ ትመታለች፤ ምስሉ ወደ ጎን ከሸሸ ምቷ አቅጣጫውን ያቃናል። በ1943 መንግሥት 25,000 ዶላር ሰጠ፤ ሥራውም በሚኒያፖሊስ ጄነራል ሚልስ የተባለው ኩባንያ የዱቄት ፋብሪካ አናት ላይ ተጀመረ። እርግቦቹ በትጋት ሠሩ፤ ባለሥልጣናቱ ግን በእርግብ ላይ እምነት አልጣሉም፤ በ1944 ፕሮጀክቱ ተዘጋ። ስኪነር ከእርግቦቹ የተወሰኑትን አኑሮ ከስድስት ዓመት በኋላ ያንኑ ምስል ሲያሳያቸው ወዲያው መምታት ጀመሩ።

ከዚያ ፋብሪካ የወጣው ትልቅ ነገር ሌላ ነው። ትእዛዝ በሚጠብቁበት አንድ ቀን ስኪነርና ባልደረቦቹ ለአንዲት እርግብ ኳስ ማንከባለል ሊያስተምሩ ተነሡ። ኳሱን በመንቁሯ በጎን ገፍታ እስክትመታ ጠበቁ፤ አልሆነም። ያልተደረገ ነገር አይሸለምም። ስለዚህ ጥቂቷን ነገር መሸለም ጀመሩ። ኳሱን አየችው? እህል። ተጠጋችው? እህል። በመንቁሯ ነካችው? እህል። በደቂቃዎች ውስጥ እርግቧ ኳሱን ከሣጥኑ ግድግዳ ጋር ታላጋው ጀመር። ስኪነር ይህን ባህሪን ቅርጽ ማስያዝ አለው። በአማርኛ ከዚህ የተሻለ ስም አለን፤ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።

እዚህ ላይ የመምህሩ ሸክም ተገለበጠ። የሚቀጣ ሰው የሚፈልገው ጥፋትን ነው፤ ዓይኑ ስህተት ላይ ተተክሏል። ቅርጽ የሚያስይዝ ሰው ግን ወደ መልካሙ ያደላችውን ትንሽ እንቅስቃሴ ሳያመልጠው ማየት አለበት። ያ ከመምታት ይከብዳል።

የምትዞረው እርግብና የማይነሣው ቁማርተኛ

በ1948 ስኪነር ሌላ እንግዳ ነገር ጻፈ። የተራቡ ስምንት እርግቦች በየሣጥናቸው ሆነው፣ ምንም ቢሠሩ ባይሠሩ፣ እህል በየ15 ሰከንዱ ይመጣላቸዋል። ከስምንቱ ስድስቱ የየራሳቸውን ሥርዓት አወጡ። አንዷ እየዞረች ትሽከረከራለች፤ ሌላዋ ጭንቅላቷን ወደ ሣጥኑ ማዕዘን ትወረውራለች። እህሉ ሲመጣ በአጋጣሚ ያደርጉት የነበረውን ነገር እህሉን ያመጣው እሱ ነው ብለው የያዙ ይመስላል። ሽልማት የሚያጸናው የቀደመውን ድርጊት ነው፤ ምክንያቱን አይጠይቅም።

በ1957 ከቻርልስ ፈርስተር ጋር የሽልማትን ጊዜና መጠን የሚመረምር ወፍራም መጽሐፍ አወጣ። ሽልማት በተወሰነ የሥራ ቁጥር ሲሰጥ፣ በተወሰነ ጊዜ ሲሰጥ፣ ወይም መቼ እንደሚመጣ ሳይታወቅ ሲሰጥ፣ ባህሪው የተለያየ መልክ ይይዛል። በወር ደመወዝ የሚሠራና በቁራጭ የሚከፈለው ሰው አሠራራቸው እንደሚለያይ ሁሉ ማለት ነው። ከሁሉ ጽኑው ግን የመጨረሻው ነው። ስንተኛው ምት እህል እንደሚያመጣ የማታውቅ እርግብ ያለ ዕረፍት ትመታለች። ዛሬ በከተሞቻችን የስፖርት ውርርድ ቤት ውስጥ የሚያመሹ ወጣቶችን የሚይዛቸው ይህ ነው። የሚያስቀምጣቸው ያገኙት ገንዘብ አይደለም፤ መቼ እንደሚገኝ አለመታወቁ ነው። ስልኩን በየደቂቃው የሚከፍት ሰውም አዲስ ነገር መቼ እንደሚያገኝ ስለማያውቅ ይከፍታል። አይጦቹ በዚያች ቅዳሜ ያሳዩት ይህንኑ ነበር።

የሚመታው ራሱ ሲሸለም

ኅዳር 11 ቀን 1953 ስኪነር የታናሽ ልጁን አራተኛ ክፍል ሊጎበኝ ሄደ። የሒሳብ ክፍለ ጊዜ ነው። ልጆቹ ሰሌዳ ላይ የተጻፈውን ይሠራሉ፤ መምህርቷ በመቀመጫዎቹ መሐል ትዘዋወራለች። ቶሎ የጨረሱት ሥራ አጥተው ይቁነጠነጣሉ፤ ያልገባቸው አንገታቸውን ደፍተው ይጨነቃሉ። ሁሉም ልክ መሆን አለመሆኑን የሚያውቀው ደብተሩ ታርሞ በማግስቱ ሲመለስ ነው። ለአይጥ እንኳ መልሱ ወዲያው ይደርሳታል፤ የእነዚህ ልጆች መልስ ግን አንድ ሌሊት ይዘገያል። ጥፋቱ የመምህርቷ አልነበረም፤ አንዲት ሴት ለዚያን ያህል ልጅ በአንድ ጊዜ መልስ ልትሰጥ አትችልም። ስኪነር ቤቱ ተመልሶ እያንዳንዱን መልስ ወዲያው የሚያረጋግጥ የማስተማሪያ መሣሪያ መሥራት ጀመረ።

በዚያው ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ ቅጣት ውጤቱ ደካማ ሆኖ ሳለ ለምን እንደማይጠፋ አስረዳ። ልጁ ይጮሃል፣ አባት ይመታዋል፣ ጩኸቱ ይቆማል። የጩኸቱ መቆም ለአባት ሽልማት ነው። ስለዚህ በዚያ ቅጽበት ከሁለቱ የተማረው አባት ነው፤ ዱላ ማንሣት ጸጥታ እንደሚያመጣ ተማረ። ነገ ልጁ እንደገና ሲጮህ እጁ ቀድሞ ይነሣል። ይህን ዓረፍተ ነገር ያነበብኩ ቀን የራሴን እጅ ማየት ጀመርኩ።

ተቃውሞውና አዲሱ ማስረጃ

ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ተስፋውም ትችቱም አንድ ላይ መጡ። በ1959 ወጣቱ የቋንቋ ሊቅ ኖአም ቾምስኪ የስኪነርን የቋንቋ መጽሐፍ በጽኑ ነቀፈ። ልጅ ሰምቶትም ተሸልሞበትም የማያውቀውን ዓረፍተ ነገር ይናገራል፤ ሽልማት ብቻውን ይህን አያስረዳም አለ። በ1961 ደግሞ ስኪነር በዱቄት ፋብሪካው ያሠለጠናቸው ኬለር ብሬላንድና ባለቤቱ ማሪያን የራሳቸውን ተሞክሮ ጻፉ። በሺህ የሚቆጠሩ እንስሳትን ለትርኢት ያሠለጠኑ ናቸው። ሳንቲም ሣጥን ውስጥ እንዲጨምር የሠለጠነ ራኩን የተባለ እንስሳ መብሉን እንደሚያጥብ ሳንቲሞቹን እርስ በርስ ያሻሽ ጀመር፤ ሽልማቱ ቢቀርበትም አልተወም። የእንስሳው ተፈጥሮ ልማዱን አሸነፈ። ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ የሚለው ብሂላችን ይህን ወሰን ቀድሞ አይቶታል።

ተስፋው ደግሞ ከሆስፒታል መጣ። በኢሊኖይ አና ከተማ በነበረው የመንግሥት የአእምሮ ሆስፒታል ቴዎዶሮ አይዮንና ናታን አዝሪን በ1961 ለረጅም ዘመን ተኝተው የነበሩ ሕሙማን ለሠሩት ሥራ በምልክት ሳንቲም እንዲከፈላቸው አደረጉ። በሆስፒታሉ የነበሩት ሴቶች መልበስ፣ ምግብ ማቅረብ፣ ልብስ ማጠብ ጀመሩ። ሳንቲሙ ሠሩም አልሠሩም ሲሰጣቸው ሥራው ወደቀ፤ ከሥራው ጋር ሲታሰር ተመለሰ። ሆኖም ሌላ ጥያቄ ተከተለ፤ ለሕመምተኛ ሰው አልጋና ምግብ መብት እንጂ ሽልማት ሊሆን አይገባም። የሚሸልም እጅ ሥልጣን ያለው እጅ ነው።

ስለ ቅጣት የነበረውን እውቀት ያጠናከረው አልበርት ባንዱራ ነው። በ1965 ባሳተመው ጥናት ለልጆች አንድ ትልቅ ሰው አሻንጉሊት ሲደበድብ የሚያሳይ ፊልም አሳየ። በአንዱ ፊልም ደብዳቢው ይቀጣል። ያንን ያዩት ልጆች ድብደባውን ብዙ አልደገሙትም፤ የታረሙ ይመስላሉ። ባንዱራ ግን ያያችሁትን ላሳየኝ ሽልማት አለ አላቸው። የቅጣቱን ፊልም ያዩትም ሌላውን ካዩት እኩል ድብደባውን አሳዩ። ሁሉም ተምረውት ነበር፤ ቅጣቱ ያስተማራቸው መቼ መደበቅ እንዳለባቸው ነው።

በ1967 ማርቲን ሴሊግማንና ስቲቨን ማየር የከፋውን አሳዩ። ሊያመልጡት በማይችሉት የኤሌክትሪክ ንዝረት ውስጥ የቆዩ ውሾች በኋላ መውጫው ክፍት ሆኖ ሳለ አብዛኞቹ ተኝተው ማላዘን ብቻ ሆነ። ምንም ቢያደርግ የሚመታ ፍጡር የሚማረው ምንም አለማድረግን ነው። ሙከራው በውሾቹ ላይ ያደረሰው ስቃይ ሳስበው ያመኛል፤ ግን በብዙ ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቀ እጁን የማያወጣ ልጅ ምን እንደደረሰበት ያስረዳል።

ሽልማትም ከጥፋት አይጸዳም። በ1973 ማርክ ሌፐርና ባልደረቦቹ ሥዕል መሣል የሚወዱ የመዋዕለ ሕፃናት ልጆችን ለሥዕላቸው የምስክር ወረቀት እንደሚያገኙ አስቀድመው ነገሯቸው። ልጆቹ ሥለው ወረቀታቸውን ተቀበሉ። ከቀናት በኋላ ቀለሙ በነፃ ሲቀርብ ካልተሸለሙት ያነሰ ሣሉ። ጨዋታቸው የነበረው ሥራ ሆነባቸው። ሳይጠብቁ የተሸለሙት ልጆች ግን ፍቅራቸው አልቀነሰም። ሳይጠይቁት የሚሠሩትን ነገር መግዛት አያስፈልግም።

ከሐይፋ እስከ አዲስ አበባ

ስኪነር ነሐሴ 18 ቀን 1990 በደም ካንሰር ዐረፈ። ከስምንት ቀን በፊት በአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ፊት ቆሞ ንግግር አድርጎ ነበር። ከሞተ ሰባት ዓመት በኋላ ቮልፍራም ሹልትስና ባልደረቦቹ በአንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን ኬሚካል የሚለቅቁ ሕዋሳት ከሁሉ የሚነቁት ሽልማቱ ከተጠበቀው ሲበልጥ መሆኑን አስረዱ። የተጠበቀ ሽልማት ሲቀር ደግሞ ጸጥ ይላሉ። ቶርንዳይክ በሰከንድ የለካው መስመር በአንጎል ውስጥ ሥር እንዳለው ታወቀ።

በ2000 በእስራኤል ከተማ በሐይፋ የተደረገ ጥናት ታተመ። ልጆቻቸውን ከመዋዕለ ሕፃናት ዘግይተው የሚወስዱ ወላጆች ላይ በስድስት ማዕከሎች አነስተኛ መቀጮ ተጣለ። ዘግይተው የሚመጡት ወላጆች ቀንሰው ሳይሆን በእጥፍ ገደማ ጨምረው ተገኙ። መምህርቷን እናስቸግራለን የሚለው ይሉኝታ ወደ ዋጋ ተለወጠ፤ ከፍለን እንዘገያለን አሉ። መቀጮው ከተነሣም በኋላ ይሉኝታው አልተመለሰም። በ2016 ደግሞ ኤልሳቤጥ ገርሾፍና አንድሩ ግሮጋን-ኬይለር ከ160,000 በላይ ልጆችን ያካተቱ ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው፣ በእጅ መዳፍ መመታት ከመታዘዝ ጋር ሳይሆን ከጠብ አጫሪነትና ከአእምሮ ጭንቀት ጋር እንደሚያያዝ አሳዩ።

በምሥራቅ አፍሪካዊቷ ታንዛኒያ ውስጥ አፖፖ የተባለ ድርጅት በሞሮጎሮ ትልልቅ የአፍሪካ አይጦችን ያሠለጥናል። ፈንጂ የሚያሸቱት ሞዛምቢክንና ካምቦዲያን አገልግለዋል፤ ማጋዋ የተባለው አይጥ በ2020 ከእንግሊዝ የእንስሳት በጎ አድራጎት ድርጅት የወርቅ ሜዳልያ ተሸልሟል። ሌሎቹ በአክታ ናሙና ውስጥ የሳንባ ነቀርሳን ያሸታሉ። ከእነዚህ አይጦች በአዲስ አበባ በአርማወር ሐንሰን የምርምር ተቋም የሠሩም አሉ። ድርጅቱ እንደሚለው አንዲት አይጥ 100 ናሙና በ20 ደቂቃ ታሸታለች፤ ይህ ለላብራቶሪ ባለሙያ የቀናት ሥራ ነው። ሥልጠናቸው ስኪነር እንደጻፈው ነው። ትክክል ስታሸት «ቃ!» የሚል ድምፅ ይሰማል፤ ሙዝ ትቀምሳለች። ስትሳሳት ሙዝ የለም። የሚመታት ግን የለም፤ የተመታች አይጥ ማሽተት ትፈራለች፣ ማሽተት የፈራች አይጥ ደግሞ ሕመምተኛውን ታሳልፋለች።

የኢትዮጵያ ሕገ መንግሥት በ1987 ዓ.ም. ሲጸድቅ አንቀጽ 36 ላይ ማንኛውም ልጅ በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳለው ደንግጓል። እኔ በተማርኩበት ክፍል ግን የመምህራችን ኮቴ ከሩቅ ሲሰማ አምሳ ልጅ እንደ አንድ ሰው ዝም ይል ነበር፤ ኮቴው ሲርቅ ጫጫታው ካቆመበት ይቀጥላል። ያ ጸጥታ ለመምህራችን ድል ይመስለው ነበር። የስኪነር አይጦች በሁለተኛው ቀን ምን እንዳደረጉ ቢያይ ኖሮ ኮቴው ከራቀ በኋላ ያለውን ክፍል ማሰብ በጀመረ ነበር።

በዚያው ክፍል አንዲት መምህርት ነበሩ። ሥዕል የማይሆንልኝ ነበርኩ፤ ደብተሬን አንሥተው ከተበላሸው ሁሉ መሐል አንዲት የቀናች መስመር አገኙ። በጣታቸው ነክተው «ይቺ ጥሩ ናት» አሉኝ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። በማግስቱ ሁለት የቀኑ መስመሮች ይዤ መጣሁ።